«ውጭ መቼ ነው የምትሄጂው?»

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ከስድስት ኪሎ የተነሳ ታክሲ ውስጥ ነኝ። ከጎኔ አንዲት ልጅ ተቀምጣለች። ከላይ የዩኒፎርም ሹራብ፣ ከታች ቱታ፣ ጭኗ ላይ የደብተር ቦርሳ፣ ቦርሳው ላይ ደግሞ በክሩ የተንጠለጠለ ስፓይክ ጫማ። ከጃን ሜዳ ልምምድ ወጥታ ወደ ትምህርት ቤት እየሄደች እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አያስፈልግም። ከፊታችን የተቀመጡ እናት ዞር ብለው ጫማውን አዩና፣

«ትሮጫለሽ እንዴ የኔ ልጅ?» አሏት።

«አዎ እማማ።»

«ጎሽ! ታዲያ ውጭ መቼ ነው የምትሄጂው?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋ አድርጋ «እግዚአብሔር ያውቃል» አለች። እኔ ደግሞ በሆዴ ነደድኩ።

በእኚህ እናት ላይ አይደለም የተናደድኩት፤ እሳቸው ሁላችንም የምንጠይቀውን ነው የጠየቁት። እስቲ አስቡት፣ በዚህ ከተማ ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ሲገኝ የመጀመሪያው ጥያቄ ምንድነው? «ስንተኛ ክፍል ነሽ? ስንተኛ ወጣሽ?» ነው። ስፓይክ ጫማ ከቦርሳው ላይ ሲንጠለጠል ግን ዩኒፎርሙ ከዓይናችን ይጠፋል። ልጅቷ ተማሪ መሆኗ ይቀርና ገና ያልተቆረጠ የአውሮፕላን ትኬት ትሆናለች።

«ውጭ መሄድ» ግብ ነው ትሉኝ ይሆናል። አይደለም፤ ምኞት ነው። ግብ የምለው ጠዋት ተነስተሽ በገዛ እጅሽና እግርሽ ልትሠሪው የምትችይውን ነገር ነው። ውጭ መሄድ የማናጀር ጉዳይ ነው፣ የቪዛ ጉዳይ ነው፣ የፌዴሬሽን ጉዳይ ነው፣ የዕድልም ጉዳይ ነው። ኦሊምፒክ ላይ አንድ አገር በአንድ የሩጫ ርቀት ማሰለፍ የሚችለው ቢበዛ 3 ሰው ብቻ ነው። ሦስት! ጠዋት ጠዋት መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚሉትን ብቻ ቁጠሩና ለሦስት አካፍሉ። ኃይሌ ገብረሥላሴ እንኳ፣ የአትላንታና የሲድኒ የ10 ሺህ ሜትር ባለወርቅ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ሄንግሎ ላይ 7ኛ ወጥቶ ከለንደኑ ኦሊምፒክ ቀርቷል። ኃይሌ የቀረበትን በር ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ «ግብሽ ይኸው ነው» ብሎ ማሳየት ማበረታታት አይባልም።

ሌላው የምናበላሸው ነገር ደግሞ «በርቺ» ነው። እኔም ስንት ጊዜ ተብዬዋለሁ። ምርቃት ስለሆነ አሜን ብያለሁ፤ ግን በርትቼ ምን ላድርግ? ኤድዊን ሎክ እና ጋሪ ላተም የሚባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን ለዓመታት ያጠኑትን እ.ኤ.አ. በ1990 በመጽሐፍ ሲያወጡ ዋና ነገራቸው ይኼው ነበር፤ ቁርጥ ያለና ጠንከር ያለ ግብ የተሰጠው ሰው «የተቻለህን አድርግ» ከተባለው ሰው የተሻለ ይሠራል። «በርቺ» ማለት እንግዲህ የኛ «የተቻለሽን አድርጊ» ነው።

እኔ ሁለተኛ ደረጃ ስማር 1500 ሜትር እሮጥ ነበር። (ሰዓቴን አልነግራችሁም፤ ታሪክ አልሠራሁም።) የስፖርት መምህራችን፣ የደሞዛቸው ግማሽ ለእኛ ውሃና ሙዝ የሚያልቅ ሰው፣ እሁድ ማታ ሁለት መስመር እንድንጽፍ ያዙን ነበር። አንድ የእግር፣ አንድ የደብተር። «ማክሰኞ 400 ሜትር 8 ጊዜ፣ የመጨረሻው ከመጀመሪያው እንዳይዘገይ።» «የሒሳብ ምዕራፍ 3 መልመጃ እስከ ዓርብ።» በቃ። «አንደኛ እወጣለሁ» ብላ የጻፈች ልጅ ትሰርዛለች። «አንደኛ መውጣት ያንቺ ሥራ አይደለም፤ ከጎንሽ የምትሮጠዋም ያገባታል» ይሏት ነበር። ያኔ ይህ ንግግር ሞራል የሚገድል ይመስለኝ ነበር። አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ቅልጥሜን አሞኝ ሁለት ወር ስቀመጥ ነው የገባኝ። የእግሯ መስመር ባዶ ቀረ፣ የደብተሯ መስመር ግን ቀጠለ። አንዲት የቡድናችን ጓደኛዬ ግን ሁለተኛ መስመር አልነበራትም። «ትምህርቱን ተይውና ሩጫሽ ላይ አተኩሪ» ያሏት ሰዎች ነበሩ። ጉልበቷ ሲያብጥ እነዚያ ሰዎች ስልክ አያነሱም።

ሦስተኛውን መስመር የጨመርኩት ራሴ ነኝ፤ የጨመርኩትም በእፍረት ነው።

አንድ ክረምት የትምህርት ቤታችንን ስፖርተኞች ሰብስበው፣ ነጭ ቲሸርት አልብሰው የአንዲት አቅመ ደካማ እናት ቤት ልናድስ ወሰዱን። ባነር ነበር፣ ካሜራ ነበር፣ ንግግርም ነበር። ወደ መንገድ የሚታየውን ግድግዳ ቀባነው። ፎቶ ተነሳንና ሻይ ጠጣን። ስንወጣ እማማ በሩ ላይ ቆመው ጓሮ በኩል ያለውን ገና ምርጊቱ የፈረሰ ግድግዳ እያሳዩ «ነገም ትመጣላችሁ አይደል ልጆቼ?» አሉን። «እንመጣለን እማማ!» አልን፤ በአንድ ድምፅ፣ ልክ እንደ ሰልፍ መዝሙር። ማንም አልተመለሰም። እኔም አልተመለስኩም። ሰርተፊኬቱ ግን መጣልኝ፤ እስከ ዛሬ እናቴ ቁም ሳጥን ውስጥ አለ።

ይህንን ነው እኔ የምጠላው በጎ ፈቃድ። ለሚሰጠውም ለሚቀበለውም ውሸት ያስተምራል። ሯጭ ደግሞ ከማንም በላይ ሊገባው ይገባ ነበር። አንድ ቀን 30 ኪሎ ሜትር ሮጦ ስድስት ቀን የሚተኛ ሰው አትሌት አይባልም። ታዲያ በዓመት አንድ ቀን ግድግዳ የሚቀባውን ምን ብለን ነው «በጎ ፈቃደኛ» የምንለው?

ቅልጥሜን ባመመኝ ጊዜ ግቢያችን ውስጥ ያሉ የሦስተኛ ክፍል ልጆችን ቅዳሜ ከሰዓት ማንበብ ማስጠናት ጀመርኩ። ትልቅ ነገር አይምሰላችሁ፤ አራት ልጅ፣ አንድ ሰሌን፣ አንድ የአማርኛ መጽሐፍ ለአራት። በደብተሬም «ቅዳሜ 9 ሰዓት፣ ሳልቀር» ብዬ ጻፍኩ። ልጆቹ ስንተኛ እንደምወጣ ደንታ አልነበራቸውም። የሚጠይቁት «ቅዳሜ ትመጫለሽ?» ብቻ ነው። ሜዳ ላይ ዋጋዬ በሰዓት መያዣ ሲለካ ለኖርኩት ለእኔ፣ መምጣቴ ብቻ የሚበቃበት ቦታ መኖሩ እንዴት እንዳሳረፈኝ ልነግራችሁ አልችልም። ሩጫ ስመለስም የማክሰኞዋን ስምንተኛ 400 ማቋረጥ ከበደኝ። ቃል መጠበቅ ለምጄ ነበራ።

«ሲያልፍላት ትሰጣለች» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ትልልቆቹ አትሌቶቻችን ትምህርት ቤት ሠርተዋል፣ ለብዙ ሰው ሥራ ከፍተዋል፤ እናመሰግናለን። ግን ከዚያ የወሰድነው ትምህርት ተንጋደደ። መስጠት ከሜዳሊያ በኋላ የሚመጣ ነገር መሰለን። በቆጂ ላይ ደራርቱን፣ ፋጡማን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን በልጅነታቸው ያሠለጠኑት ስንታየሁ እሸቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው ለተሰንበት ግደይ ደግሞ በስፖርት ክፍለ ጊዜ አልሮጥም ብላ ከትምህርት ቤት ተባርራ፣ የተመለሰችው ለመሮጥ ስትስማማ ነው! የእኛ ሩጫ ከትምህርት ቤት ግቢ ነው የወጣው። ኃይሌ ጠዋት 10፣ ማታ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ትምህርት ቤት ይመላለስ እንደነበር፣ ግራ ክንዱም ደብተር እንደታቀፈ ሆኖ መቅረቱን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ክንዱን እያደነቅን ደብተሩን ምን በላው?

አሜሪካኖቹን ላመሰግን አይደለም። «ተማሪ አትሌት» የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበራቸው ያስፋፋው ለተጎዳ ተጫዋች ካሳ ላለመክፈል እንደነበር የማኅበሩ የያኔው ኃላፊ ዋልተር ባየርስ ራሱ በ1995 ጽፎታል። ቢሆንም ደንቡ በውድድር ወቅት ልምምድን በሳምንት 20 ሰዓት ይገድባል፤ በላይኛው ዲቪዚዮን ለመጫወትም የሁለተኛ ደረጃ ውጤት ቢያንስ 2.3 ይጠይቃል። እዚያ ያሉ የሐበሻ ልጆች ሮጠው ስኮላርሺፕ ሲፈልጉ መጀመሪያ የሚጠየቁት ትራንስክሪፕት ነው። እኛ ጋ ሰዓት መያዣውን ከመጫኑ በፊት ካርድ የሚጠይቅ አሠልጣኝ ስንት አለ?

ይህን ጽሑፍ ያሳየሁት ጓደኛዬ ተቆጣኝ። «አንቺ ዲግሪሽን ይዘሽ ማኪያቶ እየጠጣሽ! ልጅቷ የምትሮጠው ቤተሰብ ልታነሳ ነው፤ ደግሞ ሰው አስጠኚ ትያታለሽ?» አለችኝ። አልተሳሳተችም። ከልምምድ ተመልሳ ውሃ የምትቀዳ፣ ታናናሾቿን የምታበላ ልጅ አገልግሎቷን ቤቷ ውስጥ እየሰጠች ነው፤ እሷ ላይ ባነር ይዞ የሚመጣ ሁሉ ይፈርባት። እሷን ግን ሌላ ሸክም እንዳንጭንባት ብለን ሁሉንም ነገር በአንድ ጉልበት ላይ እንድትቆምር መተው እንዴት ነው ርኅራኄ የሚሆነው? ድሃ ስለሆነች እኮ ነው ሁለተኛው መስመር የሚያስፈልጋት። የሀብታም ልጅ ጉልበቷ ቢያብጥ አባቷ ሱቅ ይከፍትላታል።

ወደ ታክሲው ልመለስ። አራት ኪሎ ልወርድ ስል አላስቻለኝም፤ ልጅቷን «ማክሰኞ ምን አለብሽ?» አልኳት። ግር ብሏት አየችኝና ወዲያው ቀና አለች። «ማክሰኞ? ጠዋት 1000 ሜትር 5 ጊዜ፣ ከዛ የፊዚክስ ፈተና አለብኝ።» ሳታመነታ ነው የመለሰችልኝ። ደስ ብሎኝ ፈገግ ከማለቴ እማማ እንደገና ዞር አሉ።

«እንዴ! ፊዚክስ ደግሞ ለሩጫ ምን ያደርግልሻል?»