ታሪካችንን እንወቅ፦ የጉዛራ ግንብ

ዛሬ ሩቅ አገር አንሄድም። ከሐሙሲት ተነሥተን፣ በወረታና በአዲስ ዘመን አልፈን የጎንደርን መንገድ እንያዝ። እንፍራዝ ከተማ አጠገብ፣ ኮረብታ ላይ አንድ አሮጌ ግንብ አለ። ጉዛራ ይባላል። እዚያ ቆሞ ወደ ምዕራብ ለሚያይ ሰው ጣና ወለል ብሎ ይታየዋል።

ግንቡን ያሠሩት አፄ ሠርፀ ድንግል ናቸው ይባላል። የነገሡት በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1563 እስከ 1597 ነው።

ለመሆኑ፣ ከዚያ በፊት ነገሥታቱ የት ይኖሩ ነበር? አብዛኛውን ጊዜ በድንኳን ነው። ወታደሩ፣ አሽከሩ፣ በቅሎው ብዙ ነበር። የአካባቢው እንጨትና ሣር ሲያልቅ ድንኳኑ ይነቀላል። ያን ሁሉ ሰው የሚቀልበው ማን ነበር? ገበሬው ነበር።

ጉዛራ ግን ድንኳን አይደለም። በድንጋይና በኖራ የተሠራ ባለ ፎቅ ቤት ነው። ክብ ማማም አለው።

ኖራ እንዴት ይሠራል? የኖራ ድንጋይ በብርቱ እሳት ይቃጠላል። ከዚያ ውሃ ሲነካው ይፈላል፤ ልሞም ሊጥ ይመስላል። ከአሸዋ ጋር ተለውሶ በድንጋዮቹ መካከል ይገባል። ውሎ አድሮ ይጠነክራል። ጭቃን ዝናብ ያጥበዋል፤ ኖራ ግን ይይዛል።

አፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት በ1636 ነው። እስኪ ከ1636 ላይ 1597ን ቀንሱ። 39 አገኛችሁ? እንግዲህ ጉዛራን ያሠሩት ሠርፀ ድንግል ከሆኑ፣ ግንቡ ጎንደርን ቢያንስ በ39 ዓመት ይቀድማል ማለት ነው። በ1979 የጎንደር ፋሲል ግቢ በዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገባ ጉዛራም አብሮ ተመዝግቧል።

ግንብ የሚፈርሰው በጦር ብቻ አይደለም። ከስንጥቁ የበቀለ ዛፍ ሥሩ ድንጋዩን ይፈነቅላል። ዝናብም ይሰርጋል። ለአጥር ብሎ አንድ ድንጋይ የሚወስድ ሰውም ያፈርሳል። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይላላል።

የንጉሡ ስም በመጽሐፍ ተጽፏል። ድንጋዩን የተሸከመው፣ ኖራውን ያቃጠለው ሰው ግን ስሙ የለም። የእሱ ጽሕፈት ያ ግድግዳ ብቻ ነው። ግድግዳው ከፈረሰ እሱም ተረሳ።

የሳምንቱ ሥራ፦ በአካባቢያችሁ የቆየ ግንብ፣ ድልድይ ወይም ዋሻ አለ? ስሙን ጻፉ። ማን እንደሠራው ሽማግሌ ጠይቁና የነገሯችሁን ከሥሩ ጻፉ።