«ኮር አይ 7 ነው» ሲሏችሁ የሚቀጥለውን ቁጥር ጠይቁ



ሰሞኑን ኢንቦክሴ የላፕቶፕ ሱቅ መስሏል። «ቲቸር ይሄ እንዴት ነው?» የሚል መልእክት፣ ከሥሩ ከቴሌግራም የተወሰደ ፎቶ፣ ፎቶው ላይ በቀይ ቀለም «ኮር አይ 7! ስላይትሊ ዩዝድ! የማይታመን ዋጋ!»። አንዱ ለራሱ ነው፣ አንዷ ዩኒቨርሲቲ ለገባች እህቷ ነው፣ ሌላው እቁብ ደርሶት ግራፊክስ ሊጀምር ነው። ለእያንዳንዱ በየተራ ከምመልስ አንዴ እዚህ ልጻፈውና እፎይ ልበል።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። እኛ ጋ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው በአብዛኛው የሚከፍለው ለስም ነው። «አይ 7» ለሚለው ስም፣ «አዲስ» ለሚለው ስም፣ ከኋላው ላለው ምልክት። ማሽኑን በየቀኑ የሚያሠራው ወይም የሚያስለቅሰው ነገር ሌላ ሆኖ ሳለ! ርካሽ የሚባለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ርካሽ አይደለም፤ ቀሪውን ዋጋ ቤት ከገባ በኋላ በየወሩ እየቆነጠረ የሚቀበል ነው።

ይሄ ድሮም ነበር፤ አሁን ግን ስህተቱ ውድ ሆነ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ላፕቶፕ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው። ዛሬ አንድ ደህና ዩዝድ ማሽን ለብዙ ደመወዝተኛ የበርካታ ወር ደመወዝ ነው። በዚህ ዋጋ ቁማር አይጫወቱበትም።

እስቲ ከስሙ እንጀምር። «ኮር አይ 7» ብቻውን ምንም አይናገርም። «መኪናው ቶዮታ ነው» እንደማለት ነው፤ የስንት ሞዴል? ዋናው ነገር ከሰረዟ በኋላ ያለው ቁጥር ነው። አይ 7-4600ዩ ካለ 4ኛ ጀነሬሽን ነው፣ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ። አይ 5-8250ዩ ካለ 8ኛ ጀነሬሽን ነው፣ የ2017። (ከ10 ጀምሮ ያሉትን የመጀመሪያዎቹን ሁለት አሃዞች አንብቡ።) አሁን የሚገርመውን ልንገራችሁ። አይ 7-7500ዩ የሚባለው 7ኛ ጀነሬሽን ያለው 2 ኮር ነው። በዓመቱ የመጣው አይ 5-8250ዩ ግን 4 ኮር አለው። አይ 5ቱ አይ 7ቱን ጥሎት ይሄዳል! ሻጩ ግን ለአይ 7ቱ ተጨማሪ ይጠይቃችኋል፣ እናንተም ደስ ብሏችሁ ትከፍላላችሁ።

8ኛ ጀነሬሽን ላይ የማተኩረው በሌላም ምክንያት ነው። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል ከ8ኛ ጀነሬሽን በታች ያለውን በይፋ አይቀበልም (ጥቂት የተለዩ አሉ፣ እነሱን ተዉአቸው)። «ኧረ እኛ እንጭንልሃለን» ይሏችኋል። አዎ፣ በአቋራጭ ይጫናል። ነገር ግን ማይክሮሶፍት እንዲህ ላለው ማሽን አፕዴት ለመቀጠሉ ዋስትና አይሰጥም። ስለዚህ 7ኛ እና 8ኛ ጀነሬሽን መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ዓመት ብቻ መስሎ ቢታይም የዋጋ ልዩነቱ ሰፋ ማለት አለበት። 7ኛውን በ8ኛው ዋጋ የሚሸጥላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ «አመሰግናለሁ» ብላችሁ ውጡ።

አንዲት የድሮ ተማሪዬ፣ አካውንቲንግ ተመርቃ ሥራ የያዘች፣ አይ 7 ገዝታ ኤክሴል ለመክፈት ቡና ፈልቶ ይደርሳል አለችኝ። ማሽኑን አየሁት። 4ኛ ጀነሬሽን፣ 4 ጂቢ ራም፣ ውስጡ የሚሽከረከረው የድሮው ሃርድ ዲስክ። ባትሪው 20 ደቂቃ አይቆይም። ፒችትሪና ኤክሴል ለሚከፍት ሰው እኮ አይ 7 አያስፈልገውም ነበር። የሚያስፈልጋት ኤስኤስዲ እና 8 ጂቢ ራም ነበር።

ይሄን በደንብ ላስረዳ፣ ምክንያቱም ትልቁ ብር የሚባክነው እዚህ ነው። ኮምፒውተር «ቀርፋፋ ነው» ሲባል ብዙ ጊዜ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ዲስኩን እየጠበቀ ነው። የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ በጥሩ ቀኑ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ገደማ ያነባል፤ ተራው ሳታ ኤስኤስዲ 500 ገደማ። ያ ደግሞ አንድ ትልቅ ፋይል በተከታታይ ሲነበብ ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ እንደሚሆነው በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎች ሲፈለጉ ሃርድ ዲስኩ መርፌውን ወዲያና ወዲህ ሲያመላልስ ይውላል፤ ልዩነቱ አምስት እጥፍ ሳይሆን ከዚያ በብዙ ይሰፋል። ስለዚህ ያረጀ አይ 5 ከኤስኤስዲ ጋር፣ ሃርድ ዲስክ ከታቀፈ አይ 7 ይልቅ ለዕለት ሥራ ይሻላል። ያለጥርጥር!

እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፣ የገበያውን ዋጋ እናንተ አስገቡበት። አንዱ ማሽን 30 ሺህ፣ ሌላው 42 ሺህ ነው እንበል። ባለ 30ው ኤስኤስዲ ይፈልጋል፣ ራም ይፈልጋል፣ ባትሪ ይፈልጋል፣ ቻርጀሩም ኦሪጅናል አይደለም። እነዚህን ስትደምሩ 12 ሺህ ቢመጣ ሁለቱም ማሽኖች እኩል 42 ሺህ ናቸው፤ አንደኛው ግን አሁንም 4ኛ ጀነሬሽን ነው። 42 ሺህ ከፍላችሁ 4 ዓመት የሚያሠራችሁ በዓመት 10,500 ነው። በ30 ሺህ ገዝታችሁ በዓመት ተኩል የምትጥሉት በዓመት 20 ሺህ ነው። ድሃ ሁለት ጊዜ የሚገዛው በዚህ መንገድ ነው፤ ለሁለተኛው ግዢ ደግሞ እቁቡ እንደገና አይደርስም።

ስለ «አዲስ» ደግሞ። ካርቶኑ ያልተከፈተ፣ ፕላስቲኩ ያልተላጠ ላፕቶፕ በዩዝድ ዋጋ አየሁ የሚለኝ አለ። ውስጡን ሲልክልኝ ሴሌሮን ኤን 4020፣ 4 ጂቢ ራም፣ 64 ጂቢ ኢኤምኤምሲ። ይሄ ፕሮሰሰር 2 ኮር ብቻ ነው፤ ከላይ ያነሳሁት የ2017ቱ አይ 5 በብዙ ይበልጠዋል። ማከማቻውም ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ አይቀየርም፤ ዊንዶውስና ኦፊስ ገብተው ጥቂት አፕዴት ሲከተላቸው ሞልቶ ቁጭ ነው። አዲስነቱ የሚያገለግለው ለሽታው ነው። ለሕፃን ልጅ ፊልም ማሳያ ከሆነ እሺ። ለተማሪ አልመክርም።

እኔ የምመርጠው ከመሥሪያ ቤት የወጡትን ነው፦ ቲንክፓድ ቲ 480፣ ላቲቲዩድ 5490፣ ኤሊትቡክ 840 ጂ 5 እና የመሳሰሉት። እነዚህ ሲሠሩ ለሠራተኛ ተብለው፣ ሲበላሹ በጥገና ባለሙያ እንዲፈቱ ታስበው ነው። ከሥር ያለውን ብሎን ፈትታችሁ ራምና ኤስኤስዲ ትቀይራላችሁ። ብዙ ሰው የማይጠቀምበት አንድ ቅናሽም አለ፦ ከጀርመን የመጡት ኪቦርዳቸው ላይ ዜድና ዋይ ቦታ ተቀያይረዋል፣ ሰው ስለሚሸሻቸው ዋጋ ላይ መከራከር ይቻላል። ከሴቲንግ የአሜሪካ ኪቦርድ ትመርጣላችሁ፣ ስቲከር ትለጥፋላችሁ፣ አለቀ። አማርኛ ስትጽፉ እንደሆነ ፊደሉ የተጻፈው ኪቦርዱ ላይ ሳይሆን ጭንቅላታችሁ ውስጥ ነው።

መጠንቀቅ ያለባችሁ ግን ቁልፍ ነው። የካምፓኒ ማሽን ባዮሱ በፓስወርድ ተቆልፎ፣ ወይም ኮምፒውትሬስ የሚባለው መከታተያ በርቶ ሊመጣ ይችላል። ሱቅ ውስጥ ሳላችሁ ባዮስ ግቡ። «አያስፈልግም፣ ምን ታደርግበታለህ?» ከተባላችሁ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

(ማክቡክ ለምትጠይቁኝ፦ የ2017 ማክቡክ ኤር መልኩ ያምራል፣ አልክድም። ግን ከሞንተሬይ ስሪት በላይ በይፋ አይወጣም፣ ራሙም አይጨመርም። የምትከፍሉት ለፖሟ ነው።)

ሱቅ ውስጥ ስቲከር አትመኑ፤ ስቲከር ይገዛል፣ ይለጠፋል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ተጫኑ፣ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም አለ፣ ዲስኩ ኤስኤስዲ መሆን አለመሆኑ አለ፣ ከራም ስሎቶቹ ስንቱ እንደተያዘም ይታያል። ባትሪውን ደግሞ ዊንዶውስ ራሱ ሪፖርት ያወጣለታል፤ ሲሠራ የነበረውን አቅምና አሁን ሲሞላ የሚይዘውን አጠገብ ለአጠገብ ያሳያል። 50 ሺህ የነበረው 22 ሺህ ከሆነ፣ መብራት በሚሄድበት አገር ግማሽ ላፕቶፕ እየገዛችሁ ነው፤ ዋጋውን በዚያው ልክ አስቀንሱ።

ወደ ጥቃቅኖቹ ልለፍ፣ ጥቃቅን ግን አይደሉም። ሰው 40 ሺህ ብር ማሽን ገዝቶ ቻርጀር ላይ 500 ብር ሲቆጥብ ሳይ ይገርመኛል። ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፦ 19.5 ቮልት፣ 3.34 አምፔር ካለ ሲባዙ 65 ዋት ነው። ቮልቱ ከማሽኑ ጋር መግጠም አለበት፤ አምፔሩ ቢበልጥ ችግር የለውም፣ ቢያንስ ግን ቻርጀሩ ይግላል፣ ማሽኑም ራሱን ያቀዘቅዛል። ፌኩን ብዙ ጊዜ በክብደቱ ታውቁታላችሁ፤ ማጣሪያና መከላከያ ክፍሎቹ ስለሚቀነሱ ይቀላል። መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ ቦርዱን የሚያድኑት ደግሞ እነዚያ የቀሩት ክፍሎች ነበሩ። ለፍሪጅና ለቴሌቪዥን መከላከያ እንገዛለን፤ ላፕቶፑን ግን የተበጣጠሰ ዲቫይደር ላይ እንሰካለን። ቢያንስ መብራት ሲሄድ ንቀሉት፣ ይሄ ነጻ ነው።

ፍላሽ። «2 ቴራባይት» ተብሎ በጥቂት መቶ ብር የሚሸጠው ውስጡ 32 ጂቢ ወይም ያነሰ ቺፕ ሊሆን ይችላል፤ መቆጣጠሪያው ኮምፒውተሩን እንዲዋሽ ተደርጎ ተቀይሯል። መጀመሪያ ላይ በትክክል ይሠራል፣ ክፋቱም ይሄ ነው። እውነተኛው ቦታ ሲሞላ ፋይሉ ስሙ ይታያል፣ ውስጡ ግን የለም። መመረቂያ ጽሑፉን እንዲህ ያጣ ልጅ አውቃለሁ። ኤች ቱ ቴስት ደብልዩ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ፍላሹን ሞልቶ መልሶ በማንበብ እውነቱን ያወጣል።

ፓወር ባንክም እንዲሁ። ሐቀኛው 20,000 እንኳ ስልካችሁ ላይ 20,000 አይሰጥም። ቁጥሩ የተለካው በውስጡ ባለው ሴል 3.7 ቮልት ነው፤ ወደ 5 ቮልት ሲቀየር 14,800 ይሆናል፣ ከብክነቱ በኋላ 12 ወይም 13 ሺህ ካገኛችሁ ጥሩ ነው። እና 20,000ው ራሱ ከ300 ግራም በላይ ይመዝናል። ኪስ ውስጥ የሚረሳ ቀላል ዕቃ «50,000» ከተባለ ሳቁና እለፉት።

ርካሹን የምትገዙበትም አለ እኮ! ማውዝ፣ የላፕቶፕ ቦርሳ፣ ኤችዲኤምአይ ኬብል። ለተራ ስክሪን አጭር ኬብል ከሆነ ውዱም ርካሹም ያው ምስል ነው፤ ወይ ይሠራል ወይ አይሠራም። በ«ወርቅ ቅብ» ላይ ብር አትጣሉ። ያንን ብር ለማሽኑ አቧራ ማስጸጃና ፔስት ማስቀየሪያ አድርጉት፤ በሙቀት ምክንያት የሚንቀራፈፍ ስንት ጤነኛ ማሽን አለ።

«እሺ ቲቸር፣ ግን 8ኛ ጀነሬሽን ለመግዛት ብሩ ከሌለስ?» ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ያኔ አሮጌውን በአሮጌ ዋጋው ግዙ። 4ኛ ወይም 6ኛ ጀነሬሽን አይ 5፣ 8 ጂቢ ራም፣ ኤስኤስዲ። ሊኑክስ ሚንት ጫኑበት፣ ነጻ ነው፣ አፕዴቱም ይመጣለታል። ለጽሑፍ፣ ለፒዲኤፍ፣ ለኢንተርኔት፣ ፕሮግራሚንግ ለሚጀምር ልጅ ዓመታት ያሠራል። አርክቴክቸር ለምትማሩት ግን ይሄ አይሆንም፤ ሪቪት በ8 ጂቢ ራም ስቃይ ነው፣ በሊኑክስም አይሠራም። እናንተ 16 ጂቢ እስኪሟላ ድረስ የትምህርት ቤቱን ላብ ብትጠቀሙና ብሩን ብታቆዩት ይሻላል።

ሻጮቹን ሁሉ ሌባ እያልኩ አይደለም። አስፈትሸው፣ ሳምንት የመሞከሪያ ጊዜ ሰጥተው፣ ሲበላሽ የሚቀይሩ አውቃለሁ፤ ሁለት ሺህ ብር ቢጨምሩባችሁ እነሱ ጋ ግዙ። ሌሎቹም ቢሆኑ የሚሸጡት እኛ የምንጠይቀውን ነው። እኛ «አይ 7 አለ?» ብለን ከገባን አይ 7 ያወጡልናል።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ኢንቦክስ ስትልኩልኝ የማሽኑን ፎቶ ተዉት። የፕሮሰሰሩን ሙሉ ቁጥር፣ የራሙን መጠን፣ የዲስኩን ዓይነት፣ የባትሪውን ሁለት ቁጥሮችና የተጠየቃችሁትን ዋጋ ጻፉልኝ። ለምን እንደምትፈልጉትም አንድ መስመር ጨምሩበት። በዚያው ቀን እመልሳለሁ።