ፍሪጁ ላይ ያለው ካሌንደር

ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ ፍራንክፈርት፣ ብዙ አበሻ ቤት ፍሪጁ ላይ የኢትዮጵያና የፈረንጅ ቀን ጎን ለጎን የታተመበት ካሌንደር ተለጥፎ ይታያል። የኪራይ ቀን፣ የክርስትና ጥሪ፣ የዕቁብ ተራ ይከበብበታል። የወር አበባዋ ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው ሆድ የሚብሳት፣ በትንሽ በትልቁ የምትቆጣ፣ አንዳንዴም «ምነው በሞትኩ» የምትል ሴት ግን ያን ሳምንት የትም አትጽፈውም። ባል «አመሏ ተነሳ» ይላል። እናት በስልክ ጸበል ታዛለች።

ነገሩ ፒኤምዲዲ የሚባል ሕመም ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ራሱን የቻለ ሕመም ብሎ መዝግቦታል። አመል አይደለም፤ የሆርሞን መብዛትም አይደለም። በ1998 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ከወር አበባ በፊት ስሜታቸው ክፉኛ ለሚታወክና ለማይታወክ ሴቶች አንድ ዓይነት ሆርሞን ሰጥቶ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ታወኩ፣ ሌሎቹ ምንም አልሆኑም።

ሐኪም በአንድ ቀን ምርመራ አይቆርጠውም። ቢያንስ የሁለት ወር የቀን በቀን ማስታወሻ ይፈልጋል። ማታ ማታ ንዴቱን፣ ጭንቀቱን፣ እንቅልፉን ከ1 እስከ 6 ነጥብ መስጠት በቂ ነው፤ እዚያው ፍሪጁ ላይ በእስክሪፕቶ። ደሙ በመጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቁጥሩ ከወረደ ወደ ፒኤምዲዲ ያመለክታል፤ ወሩን ሙሉ ካልወረደ ሌላ ሕመም መፈለግ አለበት።

በንግግር የሚያክመው ቴራፒስትም ሥራውን የሚጀምረው ከዚሁ ወረቀት ነው። «ባሌን ሰልችቼዋለሁ» ትላለች እንበል። ቴራፒስቱ ይጠይቃል፦ ምን አለ? በየትኛው ቀን? ባለፈው ወርስ ይህ ሐሳብ መቼ መጣብሽ? ለአገር ቤት በሚላክ ገንዘብ ላይ የሚነሳው ክርክር ደግሞ ደሙ ከመጣ በኋላ ወዳለው ሳምንት ይገፋል። ቀላል ይመስላል፤ ስንት ኩርፊያ ግን በዚያች ሳምንት ተጀምሯል!

ለንደን ውስጥ ተሠርቶ በ2002 የወጣ ጥናት ይህን ዓይነቱን ቴራፒ ፍሉኦክሰቲን ከተባለው ኪኒን ጋር አወዳድሯል። ኪኒኑ ፈጥኖ ሠራ፤ በስድስት ወር እኩል ሆኑ፤ ከዓመት በኋላ የተሻለ የጸናው ግን የቴራፒው ውጤት ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድም ነውር የለውም። የሞት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ አሜሪካ ላይ 988 ይደወላል።

የቀረው ቋንቋ ነው። የወር አበባ ነገር በአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አፍ አይተረጎምም፤ በባልም ቢሆን ግማሹ ይቀራል። በፌደራል መንግሥት ገንዘብ የሚደገፍ የአሜሪካ ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ቀጠሮ ሲያዝ «የአማርኛ አስተርጓሚ፣ ሴት ብትሆን» ማለት ይቻላል። ካሌንደሩንም ከፍሪጁ አውርዶ ቦርሳ ውስጥ መክተት ነው፤ የሚቀጥለው ወር ዕቁብ የማን እንደሆነ ብቻ ሌላ ቦታ ይጻፍ።