ዕቁብ ወይስ ቁማር?

ሰሞኑን በተማሪው ዘንድ አንድ ክርክር ተነሥቷል። «ወልቂጤና ቡታጅራ እንደ ታላላቅ ከተሞች ፖከር የሚጫወቱበት ካዚኖ ቢከፈትላቸው ምን ክፋት አለው?» የሚሉ ጓደኞች አሉን። እኛ ግን ጥያቄው ዘግይቷል እንላለን። አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛና ካርታ አዳይ ባይታይም ቁማሩ ከገባ ቆይቷል፤ የገባውም በኳስ ውርርድ ቤትና በእጅ ስልክ ነው።

ይህን የምንጽፈው በወሬ ሰምተን አይደለም። ከጉብሬ ወደ ወልቂጤ ወርደን፣ በሌላ ጊዜም ቡታጅራ ድረስ ሄደን፣ ከውርርድ ቤቶች ገብተን ተቀምጠናል፤ ጥቂት ብርም አስይዘን አይተናል። እዚያ ያገኘናቸው ሰዎች ሰካራምና ወሮበላ አልነበሩም። ባጃጅ ነጂው፣ ሊስትሮው፣ ሥራ ያጣው ምሩቅና የኛው ተማሪ ጎን ለጎን ተቀምጠው በሰው አገር ክለብ ላይ ተስፋቸውን ይጥላሉ። ጨዋታው ሲያበቃ የተቀደደው ትኬት ወለሉን ይሞላዋል። የሁሉም ቃል አንድ ነው፤ «አንዷ ጨዋታ ናት ጉድ የሠራችኝ!»

ይህች «አንዷ ጨዋታ» ግን ድንገተኛ አይደለችም፤ ሒሳቡ የወለዳት ናት። ለምሳሌ ሁለት እኩል ቡድኖች ተጋጠሙ፤ አቻም የለም እንበል። ውርርዱ ትክክለኛ ቢሆን 100 ብር ያስያዘ ሰው ሲያሸንፍ 200 ብር ሊቀበል ይገባው ነበር። ቤቱ 180 ብር የሚከፍል ከሆነ፣ ከየመቶው ብር በአማካይ 10 ብር ለቤቱ ይቀራል። አምስት እንዲህ ያሉ ጨዋታዎች በአንድ ትኬት ሲታሠሩ ቅናሹ አምስት ጊዜ ይደራረብና ከመቶው ብር በአማካይ የሚመለሰው 59 ብር ብቻ ይሆናል። እንግዲህ «ብዙ ባሠርሁ ቁጥር ብዙ አገኛለሁ» የሚለው ወንድማችን፣ ብዙ ባሠረ ቁጥር ለቤቱ ብዙ እየገበረ ነው።

በስልክ የሚጫወቱት አቪዬተርም ከዚህ አያመልጥም። ሠሪው ድርጅት ራሱ ለተጫዋቹ የሚመለሰው 97 በመቶ ነው ይላል። ቁጥሩ ደግ ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ሰው 100 ብሩን ከነትርፉ መልሶ መላልሶ 20 ጊዜ ቢያስይዝ፣ በአማካይ የሚቀረው 54 ብር ገደማ ነው። ሃያ ዙር ደግሞ የሻይ ዕረፍት ያህል ጊዜ እንኳ አይፈጅም።

የፖከር ወዳጆች «የኛ ጨዋታ ብልኀት እንጂ ዕድል አይደለም» ይላሉ። ይህ በከፊል እውነት ነው። በፖከር ሰው የሚጋጠመው ከቤቱ ጋር ሳይሆን ከጓደኛው ጋር ነው፤ የሰውን ፊት ማንበብና በጊዜ መተው ዋጋ አለው። ይሁን እንጂ ካዚኖው ከየመደቡ ድርሻውን ያነሣል ወይም የመቀመጫ ይቀበላል። ስለዚህ ተጫዋቾቹ ይዘው የሚነሡት ገንዘብ ይዘው ከተቀመጡት ያንሳል፤ ብልኁም የሚያተርፈው ከሞኙ ኪስ ነው። በእኛ ዘንድ ያ ሞኝ ማን ሊሆን ነው? ከኛው በላይ ባለው አልጋ የሚተኛው ጓደኛችን አይደለምን?

ደግሞስ ዕውቀት ከቁማር ያድናልን? የሩሲያው ደራሲ ዶስቶየቭስኪ «ቁማርተኛው» የተባለውን ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1866 ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ጽፎ ያስረከበው ዕዳና ውል አስጨንቀውት ነው። የቁማርተኛን ልብ ከእርሱ ይበልጥ የመረመረ ጥቂት ነው፤ ቢሆንም እስከ 1871 ድረስ ከሩሌት ጠረጴዛ አልተላቀቀም።

አንዳንዶች «መንግሥትስ ሎተሪ ይሸጥ የለምን?» ይሉናል። ይሸጣል፤ ብሔራዊ ሎተሪ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ነገር ግን ፈቃድ ያለው ሁሉ ይጠቅማል ማለት አይደለም። የሎተሪ ቲኬት የገዛ ሰው ዕጣው እስኪወጣ ድረስ ወደ ሥራው ይሄዳል። በስልክ የሚቆምር ግን ሌሊቱን ሙሉ ዕጣ ሲያወጣ ያድራል።

እኛ ባለንበት አገር ዕጣ ሌላ ታሪክ አለው። ሃያ ሰዎች በየሳምንቱ 500 ብር ዕቁብ ቢጥሉ 10,000 ብር ይሆናል፤ በሃያ ሳምንትም ሁሉም ተራ በተራ 10,000 ብሩን ይወስዳሉ። ዕጣው የሚወስነው ወረፋውን ብቻ ነው። ዳኛ አለው፣ ጸሓፊ አለው፣ ዋስ አለው። ቋንቋችን እንኳ ልዩነቱን ያውቀዋል፤ ዕቁብተኛ «ደረሰኝ» ይላል፤ ቁማርተኛ «ተበላሁ» ይላል።

ሎተሪው በተቋቋመበት በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጉራጌ ተወላጆች በማኅበር ተደራጅተው፣ ከሱቅና ከጉልበት ሥራ ያገኙትን አዋጥተው ለአገራቸው መንገድ ያሠሩ ነበር። ጥቂት በጥቂት የተጠራቀመ ብር መንገድ ይሆናል፤ ጥቂት በጥቂት የተበላ ብር ግን ምን ሆኖ ይገኛል?

ይህን ስንል በወጣቱ ላይ ለመፍረድ አይደለም። ዲግሪ ይዞ ሥራ ላጣ ሰው ትኬቷ ተስፋ የምትሸጥ ብቸኛ ሱቅ ሆና ትታየዋለች። በአዲስ አበባ በ2015 ዓ.ም. ብዙ የውርርድ ቤቶች ታሽገው ነበር፤ ነገር ግን በር ሲታሸግ ስልክ አይታሸግም። ስለዚህ ማሸግ ብቻውን አይበቃም።

እኛ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የተማሪው ኅብረት በየማደሪያው ዕቁብ እንዲቋቋም ያስተባብር፤ አነስተኛ ይሁን እንጂ ለመመረቂያ ልብስና ለሥራ ፍለጋ መሳፈሪያ ይበቃል። ሁለተኛ፣ የሒሳብ ተማሪዎች ከላይ ያለውን ስሌት በአደባባይ ለጓደኞቻቸው ያስረዱ፤ ስብከት የማይመልሰውን ቁጥር ይመልሰው ይሆናል። ሦስተኛ፣ የከተሞቹ አስተዳደሮች የውርርድ ቤት ከትምህርት ቤት ደጃፍ እንዲርቅ ያድርጉ።

ከዚያ በኋላ ካዚኖ ይከፈት አይከፈት ብለን ብንከራከር ያምርብናል። ዛሬ ግን አባት ከብቱን ሸጦ የላከው ብር ከመጽሐፍ መግዣነት አልፎ የቤቱ ድርሻ እየሆነ ነውና፣ ክርክሩ ከዚህ ይጀመር።