ጎልማሳውን ከደብተሩ ማን ለየው?

በዛሬው ጽሑፋችን የምናወጋችሁ በጎልማሳነት ዕድሜ ፊደል ስለ መቁጠር ነው። ጉዳዩ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ብቻ ይመስላል፤ ሥሩ ግን ያለው ከየቤታችን ምድጃ አጠገብ ነው። በቤተሰብ ገጽ ላይ ያመጣነውም ለዚሁ ነው።

እኛ በምዕራብ ሐረርጌ በመምህርነት የምናገለግል አራት ጓደኛሞች ነን። በየዓመቱ አንድ ነገር እናያለን። የጎልማሶች ክፍል ጥቅምት ላይ ሲከፈት መቀመጫ ይጠፋል፤ ጥር ሲደርስ ግን አመቻቹ ከጥቂት ሰዎች ጋር ተፋጥጦ ይቀራል። ለምን ሲባል የሚሰጠው መልስ «ገበሬው የትምህርት ፍላጎት የለውም» የሚል ነው። ይህን መልስ ተቀብሎ ከመቀመጥ ሄዶ ማየት ይሻላል ተባባልንና፣ በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ከጭሮ መናኸሪያ ሚኒባስ ተሳፈርን። የሄድነው ለቁጥጥር ወይም ለንግግር አልነበረም፤ ከተማሪዎቹ ጎን ተቀምጠን አብረን ለመማር እንጂ።

ጭሮ፣ በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ፣ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጨርጨርን ሲያስተዳድሩ መቀመጫቸው ያደረጓት ከተማ ናት። አውራጃው በጊዜው የዘመናዊ አስተዳደር ማሳያ እንዲሆን ታስቦ ነበር። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት ገደማ አልፏል። መዝገቡና ደረሰኙ ወደዚህ አገር ቀድመው ገቡ፤ ወረቀቱን የሚያነበው ሰው ግን ገና በመንገድ ላይ ነው።

ለዚህ ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። የሚኒባሱ ረዳት የተሳፋሪውን ሁሉ ሒሳብ በቃሉ ያሰላል፣ መልስ አያሳስትም። ስልኩ ላይ የቴሌብር መልእክት ሲገባለት ግን ከፊት ለተቀመጠው ጓደኛችን ዘረጋና «አቦ፣ ስንት ገባ ይላል?» ብሎ ጠየቀው። ጓደኛችን አነበበለት፤ ረዳቱም አመስግኖ ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ። የላብ ዋጋውን ለማወቅ የማያውቀውን ሰው ማመን ነበረበት።

መንገዱ ከጭሮ ወደ ደቡብ ወጥቶ በአርበረከቴና በበዴሳ አድርጎ ገለምሶ ይገባል። ግራና ቀኙ የጫት ማሳ፣ የቡና ጥላና የታጨደ ማሽላ ነው። በበዴሳ በገባንበት ክፍል ከኋላ የተቀመጡ አንድ አዛውንት እንግድነታችንን አይተው፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ከደረት ኪሳቸው አወጡ። «ልጆቼ፣ እኔ መሃይም አይደለሁም። የዘመቻ ተማሪ አስተምሮኛል፤ ይኸው የምስክር ወረቀቴ» አሉን።

እውነታቸውን ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ሲጀመር ከማስተማሪያ ቋንቋዎቹ አንዱ ኦሮምኛ ነበር። ዘመቻው እየሰፋ ሄዶ 15 ቋንቋዎች ደርሷል፤ በ1980 (እ.ኤ.አ.) የዩኔስኮን የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አግኝቷል። ነገር ግን ያን ጊዜ ኦሮምኛ የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል ነበር፤ በሪሳ ጋዜጣም እንዲሁ። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ቋንቋው በቁቤ መጻፍ ሲጀምር አዲሱ ትውልድ በራሱ ቋንቋ የመማር በር ተከፈተለት። በቀድሞው ፊደል የተማሩት አባቶች ግን እንደገና ከመጀመሪያው ረድፍ ቆሙ። «የልጅ ልጄን ደብተር ስገልጠው የገዛ ቋንቋዬ ባዳ ሆነብኝ፤ ይህን ሳልለምድ አልሞትም ብዬ መጣሁ» አሉን አዛውንቱ። እኚህን ሰው ፍላጎት የላቸውም የሚል ካለ በዴሳ ሄዶ ይያቸው።

ገለምሶ ደግሞ የቆየ የዲን ትምህርት አገር ናት። እዚያ ያገኘናቸው ተማሪዎች አብዛኞቹ እናቶች ነበሩ። ከመካከላቸው ቁርኣን የቀሩ አሉ፤ አሊፍ ባን በልጅነታቸው ከሎህ ላይ ለይተዋል። በመዝገቡ ላይ ግን የተጻፉት «ማንበብ የማይችሉ» ተብለው ነው። እኛም ግማሽ ቀን መድረሳ ግማሽ ቀን መደበኛ ትምህርት ቤት እየተመላለስን ስላደግን ነገሩ አይጠፋንም። አንድ ፊደል የለየ ዓይን ሁለተኛውን ለመልመድ ከባዶ አይነሣም። ፊደል ድምፅን እንደሚይዝ፣ መስመር ከአንድ ወገን ተነሥቶ ወደ ሌላው እንደሚሄድ አስቀድሞ ያውቃል። ብልህ አመቻች ከዚህ ይጀምራል፤ «አንቺ የምታውቂው አለ» ብሎ ይነሣል። ሰውን ከሚያሸሸው ነገር ትልቁ እፍረት ነውና።

ከእነዚህ እናቶች አንዷ ለምን እንደመጣች ስንጠይቃት የነገረችን ሁላችንንም ዝም አሰኝቶናል። ባሏ ከሞተ በኋላ ዘመዶች ወረቀት ይዘው መጡ። «የመሬቱን ደብተር ለማሳደስ ነው፣ ጣትሽን አስፍሪ» አሏት። ጣቷን ቀለም ነክራ ልትጫን ስትል አምስተኛ ክፍል የምትማር ልጇ ወረቀቱን ጮክ ብላ አነበበች። የተጻፈው «መሬቱን በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» የሚል ነበር። ሸሪዓውም ሆነ የአገሩ ሕግ የሰጧት መብት ሊወድቅ የቀረው አንድ የአሻራ ምልክት ብቻ ነበር። «ልጄ ሁልጊዜ አጠገቤ አትሆንም፤ ነገ ታገባለች» አለችን። የመጣችበት ምክንያት ይኸው ነው።

ታዲያ ይህን ያህል ምክንያት እያላቸው ክፍሉ ለምን ይራቆታል? እስኪ የዓመቱን ሥራ እንቁጠረው። ጥቅምት ማሽላው ፍሬ ይዞ ወፍ የሚጠበቅበት ወር ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳ፣ ቡና ለቀማና ማድረቅ ናቸው። ጫት ለገበያ የሚደርሰው በማለዳ ተቆርጦ፣ ተለቅሞና ታስሮ ነው። በገበያ ቀን ቤት የሚቀር ጤነኛ ሰው የለም። ክፍሉ ግን እንደ ሕፃናቱ ትምህርት ቤት ጥቅምት ተከፍቶ በመከሩ መካከል ይሮጣል። ሰዓቱም ብዙ ጊዜ ማታ 12 ሰዓት ላይ ይደረጋል። ይህች ሰዓት ለባል የዕረፍት ሰዓት ናት፤ ለሚስት ግን ላም የሚታለብባት፣ እሳት የሚነድባት፣ ልጅ የሚያለቅስባት ሰዓት ናት። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የጎልማሶች ትምህርት ብሔራዊ ስትራቴጂ ፊደልን ከእርሻ፣ ከጤናና ከገቢ ጋር አያይዞ ማስተማርን የያዘው ጎልማሳው የሚማረው ከኑሮው ሳይነጠል ስለሆነ ነው። ትምህርቱ ከኑሮ ጋር ከተስማማ ሰዓቱስ ለምን አይስማማ?

ወደ ጭሮ ተመልሰን፣ ከዚያም በዋናው መንገድ ወደ ምሥራቅ ይዘን፣ በሒርና አካባቢ ያየነው ክፍል የዚህን መልስ ሰጠን። ያ ክፍል አልተራቆተም ነበር። ምሥጢሩን ስንጠይቅ ተማሪዎቹ ራሳቸው ተማክረው ሰዓቱን ከዐስር ሶላት በኋላ እንዳደረጉት ሰማን። የገበያ ቀን ክፍል የለም። መከር ሲደርስ ይዘጋሉ፤ እህሉ ጎተራ ሲገባ ከቆሙበት ይቀጥላሉ። ከሁሉም በላይ ግን ማንም ብቻውን አይመጣም። የአንድ መንደር ሴቶች ተጠራርተው ይነሣሉ፤ አንዷ ከቀረች ሌሎቹ በደጃፏ አልፈው «ምነው?» ይሏታል። ስትታመም ትምህርቱን ቤቷ ድረስ ያደርሱላታል። ባሎቻቸውም መጀመሪያ አጉረምርመው ነበር አሉን፤ ኋላ ግን የማዳበሪያውን ደረሰኝና የልጁን የክትባት ካርድ የምታነብ ሚስት ለቤቱ ምን እንደምትጠቅም ሲያዩ ሕፃን መያዙን ለመዱት።

እኛም በመንገዳችን ይህንኑ አይተናል። አራት ሆነን ባንወጣ ኖሮ ምናልባት ከበዴሳ እንመለስ ነበር። አንዱ ሲደክም ሌላው ያበረታል፤ አንዱ የሰማውን ሌላው ያስታውሳል። ጎልማሳን በትምህርት የሚያጸናው ከደብተሩ ይልቅ የመንገድ ጓደኛው ነው።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ጎልማሳውን ከደብተሩ የሚለየው ስንፍና አይደለም፤ ቤቱ ሁለት ሰዓት ስለሚነፍገው ነው። ይህን ሁለት ሰዓት መስጠት የእያንዳንዳችን ፋንታ ነው። ባል ከሆንን በትምህርቷ ቀን ሕፃኑን እንያዝ። ልጆች ከሆንን ውሃውን ቀድተን እንጠብቅ፤ እናታችን ፊደል ስትሳሳትም አንሳቅባት። ጎረቤት ከሆንን ስንወጣ በደጃፏ እንለፍ። አመቻች የሆነ ወንድም ወይም እህት ደግሞ የክፍሉን ሰዓት ከመወሰኑ በፊት ተማሪዎቹን ይጠይቅ።

ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ የሱረቱል በቀራ 282ኛው፣ የሚናገረው ስለ ብድር ውል መጻፍ መሆኑን ኡለማዎቻችን ዘወትር ያስታውሱናል። ሰው ከሰው ጋር የሚያደርገው ስምምነት በጽሑፍ እንዲያዝ፣ ጸሐፊውም ፍትሐዊ እንዲሆን ታዘናል። በጽሑፍ የተያዘው ግን ሙሉ ጥበቃ የሚሆነው ባለመብቱ ሲያነበው ነው። የዚያች የገለምሶ እናት ጣት ከቀለሙ በፊት እርሳስ ጨብጦ ቢሆን ኖሮ ያን ወረቀት ማንም አያቀርብላትም ነበር።

አላህ ዕውቀትን ከሚፈልጉትና ለፈላጊው መንገድ ከሚያቀኑት ያድርገን።