አሮጌው ማጉያ ሶኬት ላይ ከመሰካቱ በፊት

ልጆቻችን ከያፎ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ዘመን ያለፈበት የድምፅ ማጉያ፣ በዕብራይስጥ «ማግቤር» የሚባለውን፣ ይዘው ሲመጡ ብዙዎቻችን «ይህ ቆሻሻ ምን ያደርጋል?» እንላለን። ዕቃው ግን ቆሻሻ አይደለም። እንደ አምፖል የሚግሉ የመስታወት ቫልቮች ያሉት ማጉያ በወጉ ከተጠገነ ዛሬም ይሠራል፤ ጊታር የሚጫወቱ ወጣቶች ድምፁን ይወዱታል። እኛ የምንለው አንድ ነገር ነው፦ ካፓሲተሮቹ ሳይመረመሩ ሶኬት ላይ አይሰካ።

ካፓሲተር፣ በዕብራይስጥ «ካባል»፣ ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚያቀብል ክፍል ነው። በኃይል መስጫው ላይ ያሉት ትልልቆቹ የሚዋዥቀውን ኤሌክትሪክ አደላድለው ለቫልቮቹ ይሰጣሉ። በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ግን ከዕድሜ ብዛት ይደርቃል። ያን ጊዜ ማጉያው ዘፈን ሳይከፈትበት «እምምም» ይላል። ሲብስም ቫልቩንና ትራንስፎርመሩን ሊያቃጥል ይችላል።

«እየሠራ ያለውን ለምን እንነካለን?» የሚሉ አሉ። ካፓሲተር ግን መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ያረጃል። ትራንስፎርመር ከካፓሲተር እጅግ ይወደዳል፤ ጥቂት ሼቅል ለመቆጠብ ብሎ እሱን ማቃጠል የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው።

ከገንዘቡ የሚበልጠው ግን የልጆቻችን ሕይወት ነው። በእነዚህ ማጉያዎች ውስጥ ከ300 እስከ 500 ቮልት ይገኛል፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ ውስጥ ሊቆይና ሰው ሊገድል ይችላል። ስለዚህ «ነቅዬዋለሁ» ያለ ልጅ ብቻውን አይክፈተው። ባለሙያ መጀመሪያ የተጠራቀመውን በሬዚስተር ያወጣል፣ ከዚያም ማለቁን በመለኪያ ያረጋግጣል።

ቴክናይ ጋ ስንሄድ ዋጋውን አስቀድመን በጽሑፍ እንጠይቅ። አዲሱ ካፓሲተር የሚችለው ቮልት ከአሮጌው እንዳያንስ፣ ማይክሮፋራዱም ከቀድሞው ብዙ እንዳይርቅ እንንገረው፤ ከመጠን ያለፈ ከሆነ ኤሌክትሪኩን የሚያቃናውን ቫልቭ ይጎዳል። የወጡትን አሮጌ ክፍሎችና ካባላውን ሳንቀበል አንውጣ።

እናቶችና አባቶች፣ ልጁን አንከልክለው። ከባለሙያው አጠገብ ቆሞ እንዲያይ እንፍቀድለት። ዛሬ በጉጉት የሚያየው ነገር ነገ እንጀራው ሊሆን ይችላል።