የጦርነቱን ሂሳብ ማን ይያዝ?

በ1990 ዓ.ም. ኤርትራ ናቅፋን ስታወጣ፣ ኢትዮጵያ ከአነስተኛው የጠረፍ ንግድ በቀር ግብይቱ በውጭ ምንዛሪና በኤልሲ እንዲሆን ወሰነች። በዚያው ዓመት ግንቦት የባድመ ጦርነት ተነሳ። አገሪቱም አሰብን ትታ ጭነቷን ወደ ጅቡቲ አዞረች።

ይህ ለባሌ ነጋዴ የሩቅ ወሬ አይደለም። የሮቤና የጎባ ስንዴ የሚፈልገው ማዳበሪያ ያኔም ዛሬም በመርከብ የሚገባ ነው። የወደብና የማጓጓዣ ወጪ በጨመረ ቁጥር መጀመሪያ ገበሬው፣ ቀጥሎ የእህል ነጋዴው፣ በመጨረሻም ዳቦ ገዢው ይከፍላል።

ሉዓላዊነት በብር አይተመንም፤ ይህን ማንም አይክድም። ወጪው ግን አስቀድሞ ይታወቅ። ዛሬም አብዛኛው የገቢና የወጪ ንግድ በጅቡቲ በኩል ያልፋል። እንግዲያው መሪዎች ስለ ጦርነት ሲመክሩ የንግድ ሚኒስትሩም ሂሳቡን ይዞ ይቅረብ። ሁለተኛ በር የሚፈለገው ከተኩስ በፊት ነው።